ለእኔ ያላወጣኸው ድምፅ

ለውድ ባለቤቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የሰመራ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው፤ አዋሽም ያው አቧራዋና የከባድ መኪና ጩኸቷ ነው። ይህንን በስልክ ያልነገርሁህ ስናገር ስለማለቅስ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለእንግሊዝኛ አሰልጣኝህ የምትልከውን የድምፅ ልምምድ በስህተት በቴሌግራም ለእኔ ላክኸው። ቶሎ አጠፋኸው፤ እኔ ግን ቀድሜ ሰምቼዋለሁ። አብራህ የምትሰለጥነው ዊዳድ፣ «ሲት ዳውን፣ ዊል ዩ?» ትልሃለች። አንተ ደግሞ «ኦፕን ዘ ዊንዶው፣ ዊል ዩ?» ትላታለህ፤ መጨረሻው ላይ ድምፅህን ቀስ አድርገህ ታነሣዋለህ። አልሆነም ብላ ትስቅብሃለች፤ ትደግመዋለህ። አቤት ስትደግመው!

ስላልገባኝ ጎረቤታችንን መምህር ጥሩሰውን ጠየቅኋቸው። ነገሩ «ተቀመጥ»፣ «መስኮቱን ክፈቺ» የሚል ትእዛዝ እንደሆነ፣ መጨረሻው ከፍ ሲል ግን ልመና እንደሚመስል አስረዱኝ። ምነው ባልጠየቅሁ! በሩን ዝጊ፣ ውሃ አምጪ እያልኸኝ ስንት ዓመት ኖርሁ። ድምፅህ እንዲህ መለስለስ እንደሚችል ከሌላ ሴት ጋር ሆነህ ሰማሁት። ቀናሁ። ጉንፋንና ፍቅር አይደበቅም ይላሉ፤ ቅናትን ረስተውት ነው።

ትናንት ደግሞ ደወልህልኝ። በዚያው በለሰለሰ ድምፅ፣ የቀረውን ልብስህን በሚኒባስ እልክልህ እንደሆነ ጠየቅኸኝ። ስመኘው የነበረው ድምፅ ለእኔም መጣልኝ፤ ግን ባል ሚስቱን እንዲህ አይለምንም። ሰው እንዲህ የሚለምነው ባዳን ነው።

አብሮህ የሄደው ከድሩ ስልጠናውን ጨርሶ ተመልሷል። ሱቅ ድረስ መጥቶ ሰላም አለኝ። አንተ መቼ እንደምትመጣ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አላነሣልኝም። ስለ ሙቀቱ ስናወራ ቆየንና ያልጠየቅሁትን ዱዓ አድርጎልኝ ሄደ።

ልብስህን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሻንጣ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለሚኒባስ ሹፌር ግን አልሰጥም። ራስህ መጥተህ ዓይን ዓይኔን እያየህ ውሰደው።

አላህ ይጠብቅህ፤ መንገድህን ያቅናልህ። ዊዳድንም ሰላም በልልኝ ልል ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ።

እስከዚያው ሚስትህ