ሁለቴ ስለተጠየቀ አንድ ጥያቄ

ለተከበሩ ዶክተር ገነነ
የ«ብሩህ ጅማሮ» የሕፃናት ዕድገት ጥናትና ምዘና ማዕከል ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ አብዝቼ እንደማስብ ይወቁልኝ፤ የአንድን ሕፃን አእምሮ በግማሽ ሰዓት መዝኖ ለምሳ የሚደርስ ጭንቅላት በየሰፈሩ አይገኝምና ጉንፋን እንኳ እንዳይዳፈርዎ እመኛለሁ። ቤተሰብዎም፣ ረዳቶችዎም፣ ብርጭቆዎችዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሸዋንዳኝ እባላለሁ፤ ከጎጃም መጥቼ በዚህ ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሳገለግል አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ የሴቻ ነዋሪ ነኝ። በይበልጥ የሚያውቁኝ ግን «የአእምሮ ዕድገቷ ዘገምተኛ ነው» ብለው በማኅተም ያረጋገጡላት የስድስት ዓመቷ የሐሴት አያት መሆኔን ስነግርዎ ይሆናል።

ከብዙዎቹ መካከል ጠፍታብዎት እንደሆነ ላስታውስዎ። ልጄ ያገባት የሐሴት እናት ማራኪ የጨንቻ ልጅ ናት፤ ሐሴትም እስካለፈው ዓመት ድረስ እዚያው በእናቷ ወላጆች ቤት ስላደገች አፏን የፈታችው በጋሞኛ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ከእኔም ጋር ትለፈልፋለች። በሰኔ ወር የእርስዎ ማዕከል መዋዕለ ሕፃናቷ ድረስ መጥቶ ልጆቹን መዘነ፤ ርዕሰ መምህሩም ውጤቱን እንደ ፍርድ ውሳኔ ተቀብለው ሐሴት በመስከረም አንደኛ ክፍል እንደማትገባ ነገሩን። ስለዚህ ውለታዎ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ውኃው። እናቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ እንዳየችው፣ ረዳትዎ አቶ በርናባስ በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ውኃ ቀድተው እኩል ነው ወይስ አንዱ ይበልጣል ብለው በአማርኛ ጠየቋት። እኩል ነው አለች። እሰይ! ከዚያ የአንዱን ውኃ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ገለበጡና ያንኑ ጥያቄ ቃል በቃል ደገሙላት። እርስዎ ልጅ አሳድገው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ በእኛ ቤት ግን፣ በጎጃምም ይሁን በጨንቻ፣ ትልቅ ሰው አንድን ነገር ሁለቴ ከጠየቀ የመጀመሪያው መልስ አልተወደደም ማለት ነው። እጅሽን ታጥበሻል ወይ ተብላ አዎ ያለች ልጅ፣ እጅሽን ታጥበሻል ወይ ተብላ እንደገና ስትጠየቅ ዝም ብላ ተነሥታ ትታጠባለች። ሐሴትም ጋሽ በርናባስን ላለማሳፈር ብላ ረጅሙ ይበልጣል አለች። ቤት ገብታ ስንጠይቃት ውኃው መቼ ተጨመረና፣ እኩል ነው እንጂ፣ ሰውየው ግን መልሴን አልወደደውም ብላ አስረዳችን። እርስዎ ደግሞ የመጠን ግንዛቤዋ አልዳበረም ብለው ጻፉ። ሙከራውን በተዋሱበት አገር ያሉ ሊቃውንት በዚሁ የጥያቄ መደገም ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል አሉ፤ ምናልባት ከእርስዎ መጽሐፍ ላይ ያ ገጽ ተገንጥሎ ይሆናል።

፪. የሚያነጋግራትን ሰው ዓይን አታይም ተብሏል። እውነት ነው፣ አታይም። እናቷ ታላቅ ሰው ላይ እንዳታፈጥ አድርጋ አሳድጋታለች። ብታፈጥ ኖሮ ደግሞ ባለጌ ናት ብለው እንደሚጽፉ አልጠራጠርም።

፫. ስለ ከረሜላው ግን በተለየ ሁኔታ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። አቶ በርናባስ በዚያው ዕለት ጠዋት፣ ጸጥ ብሎ ለተቀመጠ ልጅ ሁሉ ፊኛ እንሰጣለን ብለው ነበር፤ ልጆቹ ጸጥ አሉ፣ ፊኛው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ እኚሁ ሰው አንድ ከረሜላ ፊቷ አስቀምጠው፣ ተመልሼ እስክመጣ ካልበላሽው ሁለት ይሆንልሻል ብለዋት ወጡ። ልጅቱ ልጣ በላችው። ራስን የመግዛት አቅሟ ዝቅተኛ ነው አሉ! ወይ ጉድ! ይመጣላችኋል የተባልነውን ሁሉ ስንጠብቅ ጸጉራችን የሸበተ እኛ ያልገባንን እሷ በአንድ ቀን ተረዳችው፤ ይህንን ነው እንግዲህ የአእምሮ ዝግመት ያሉት።

፬. ይህኛው ቀልድ የለበትም። ያቺ ቃልዎ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ወጥታ ሰፈር ውስጥ ገብታለች። የጎረቤት ልጆች ሐሴት ብለው መጥራት ትተው ዘገምተኛ ነው የሚሏት። ማራኪ፣ በአማርኛ ስላላሳደግኋት ነው እያለች ራሷን ስትወቅስ ትውላለች። ልጅቱም ስሟን ስንጠይቃት እንኳ ቶሎ አትመልስም፤ የትኛው መልስ እንደሚወደድ ለማወቅ መጀመሪያ ፊታችንን ታያለች። ትለፈልፍ የነበረችው ልጅ ዝም ብላለች። አንጀቴ አርሯል፣ ክቡር ዶክተር። ጥናትዎ ከመምጣቱ በፊት ያልነበረ ችግር ጥናትዎ ከሄደ በኋላ ተገኝቷል፤ ይህንንም በግኝትነት ቢመዘግቡት መልካም ነው።

ስለሆነም ምዝገባው ሳይዘጋ ውጤቱን አንሥተው ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ፣ ልጅቱን እንደገና መመዘን ካስፈለገም ጋሞኛ በሚችል ሰው፣ አንዱን ጥያቄ አንዴ ብቻ በመጠየቅ እንዲሆን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እዚህ ዞን ውስጥ ጋሞኛ ተናጋሪ ማግኘት ብርቱ ፍለጋ እንደሚጠይቅ አልዘነጋሁም።

ለሳይንስ ያለዎት ፍቅር እንዳይቀንስ፣ ለልጆች ያለዎት ደግሞ እንዲጀምር እየተመኘሁ፣ በማኅተምዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎ አክባሪና የዘገምተኛዋ አያት
ሸዋንዳኝ
ሴቻ፣ ነሐሴ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ምዘናዎ ትክክል ነው ወይ ብዬ ስጠይቅዎ፣ ያለ አንዳች ጥርጥር ትክክል ነው ብለውኝ ነበር። አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ያንኑ ጥያቄ ስደግምልዎ ጉሮሮዎን ጠራርገው፣ በተወሰነ ደረጃ ክፍተት ሊኖረው ይችላል አሉ። ውኃው መቼ ተጨመረና? ያም ሆኖ አይጨነቁ፤ ሐሴት አንደኛ ክፍል ስትገባ በመዋዕለ ሕፃናቱ የምትለቃት ትንሽ ወንበር ለእርስዎ እንድትቆይልዎ ለመምህሯ አደራ ብያለሁ።