ከቀዶ ጥገናው በፊት የእናቴ ደም እንዲመረመር

ቀን፦ ማርች 6 ቀን 2025

ለኩሳቫራ ሆስፒታል የታካሚዎች መብት ኃላፊ
ኩሳቫራ፣ ፊንላንድ

ጉዳዩ፦ የማክሰኞው የአንጀት ቀዶ ጥገና እንዲዘገይ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ስሜ ቪልያ ላህቴላ ነው፤ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው። የምጽፍልዎ ስለ እናቴ ስለ ኪርሲ ላህቴላ ነው። ማክሰኞ አንጀቷ ተቆርጦ ሊወጣ ነው። እኔ ግን አዲሱ መድኃኒት በደንብ ገብቶላት አያውቅም ብዬ አምናለሁ።

1. እናቴ የአንጀት ቁስለት ሕመም አለባት። በየሁለት ሳምንቱ ጭኗ ላይ በምትጫነው፣ በራሱ በሚወጋ መርፌ አራት ዓመት ደህና ነበረች። በኦክቶበር መድኃኒቱ ሌላ ፋብሪካ በሚሠራው አቻ ተለወጠ። የክሊኒኩ ነርስ የአዲሱን አጠቃቀም ያሳየቻት በድሮው ባዶ መርፌ ነበር። «ያው ነው፣ ርካሹ ነው እንጂ። እኔ ብሆን ግን ከድሮው አልላቀቅም ነበር» አለቻት። እናቴ ሰው ማስቸገር አትወድም፤ አመስግና ወጣች።

2. የምትወጋው ቅዳሜ ከሳውና፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ እንደወጣች ነው፤ ቆዳዋ ሲሞቅ ብዙ አያማትም። ስለዚህ ጭኗ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ፌብሩዋሪ 22 ግን አቅም አጥታ ሳውና አልገባችም። መርፌውን ስታነሳ ውሃ የመሰለ ነገር በደረቅ ቆዳዋ ላይ ወደ ጉልበቷ ሲወርድ አየሁ። ነገርኳት። «ላብ ነው፣ ተይኝ አንቺ ልጅ» አለችኝ። ላብ አልነበረም። የመርፌውን መመሪያ ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቼ አነበብኩት። አዲሱ መርፌ ሁለተኛ ጊዜ «ቀጭ» እስኪል ቆዳ ላይ ተጭኖ መቆየት አለበት። እናቴ እንደ ድሮው በመጀመሪያው ታነሳዋለች።

3. ከለውጡ ወዲህ ሕመሙ ተመልሶባታል። ሰኞ የክሊኒኩ ሐኪም «ይሄ አቻ የምትሉት ነገር እንደማይሠራ ድሮም ገምቼ ነበር» ብለው መድኃኒቱን አቆሙት፤ ቀዶ ጥገናም አዘዙ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ መመሪያውም ኪሴ ውስጥ ነበር። አፌ አልከፈት አለኝ። 

ስለዚህ ነገ ዓርብ የእናቴ ደም ተወስዶ መድኃኒቱ ምን ያህል እንዳለበት እንዲለካ፣ ውጤቱ እስኪመጣም ቀዶ ጥገናው እንዲዘገይ እለምንዎታለሁ። መድኃኒቱ በደሟ ውስጥ በበቂ ከተገኘ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተቆርጦ የወጣ አንጀት ግን አይመለስም። ነርሷ እንድትቀጣ አልጠየቅሁም፤ አዲሱን መርፌ አንድ ጊዜ በእጇ ይዛ እንድትማረው ነው።

ደብዳቤውን ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ በበርዎ ሥር አስገባዋለሁ። እናቴ መጻፌን አታውቅም፤ ፖስታው ላይ በጻፍኩት በእኔ ስልክ ይደውሉልኝ። ሰው ሲደውልልኝ ድምፄ ይጠፋል። ዝም ካልኩ ስልኩን አልዘጋሁም፤ እየሰማሁ ነውና እባክዎ ይንገሩኝ።

ከብዙ አክብሮትና ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ቪልያ ላህቴላ