ስለ ዜሮ ነጥቤ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የአካል ጉዳት ድጎማ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ወገብዎ ቀንቶ፣ ጣቶችዎ ታዝዘውልዎ፣ እንቅልፍዎም ሙሉ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ከነዚህ አንዱ የጎደለዎት እንደሆነ ለራስዎ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይኖርብዎታል፤ ይህን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም።

ሎሬይን ስኬልተን እባላለሁ፤ የወደብ ከተማዋ የግሪምዝቢ ሰው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በወደቡ አጠገብ ባለ ቀዝቃዛ አዳራሽ ቆሜ ዓሣ በቢላ ስሰነጥቅ ኖሬአለሁ። ዛሬ የእጆቼ መገጣጠሚያዎች አብጠው የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ እንኳ መክፈት አልችልም፤ የጀርባዬ ዲስክ ተንሸራቷል፤ ባለቤቴ ሬይ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ድባቴ ተጭኖኛል፣ ሰው በበዛበት ቦታ ስገባም ትንፋሼን የሚቀማ ፍርሃት ይይዘኛል። ይህን ሁሉ በማመልከቻዬ ላይ ጽፌዋለሁና መድገሜን ይታገሱኝ፤ የተነበበ ቢመስለኝ ኖሮ ባልደገምኩት ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ፤ መሥሪያ ቤትዎ ድጎማ የሚሰጠው በነጥብ ስለሆነ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁ።

1ኛ. ስለ ቅጹ። እጁን ለታመመ ሰው በእጅ የሚሞላ አርባ ገጽ መላክ ጥልቅ አሳቢነት ይጠይቃል። እኔ ብዕር መያዝ ስላቃተኝ የግድግዳ ጎረቤቴ ኖርማ፣ የቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌር ናት፣ እኔ እየተናገርኩ እሷ ጻፈችልኝ። «ቀላል ምግብ ማብሰል ይችላሉ?» የሚለው ላይ ስንደርስ «አዎ በይ» አልኳት። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ትናንት አንድ ድንች መላጥ አቅቶሽ ስታለቅሺ አላገኘሁሽም?»

«ታዲያ ማልቀሴን ለመንግሥት ልጻፍለት?»

«ጻፊለት እንጂ! ‹አልፎ አልፎ ያመኛል› ብለሽ ከጻፍሽ አልፎ አልፎ እንኳ አይሰጡሽም። እዚህ ቤት ኩራት ማሞቂያ አይለኩስም፣ የኔ እመቤት።»

ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሠርቼ የኖርኩ፣ የማንንም ደጅ ያልጠናሁ ሴት ነኝ። ገላዬን የሚያጥበኝ ማን እንደሆነ፣ ሽንት ቤት ስንት ጊዜ እንዳልደረስኩ፣ ለማላውቀው ሰው አንድ በአንድ አጻፍኩ። ኖርማ ቀና ብላ ሳታየኝ ጻፈች። ስለዚህም አመሰግናችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚያሳፍረኝ ነገር አልቀረም፣ ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

2ኛ. ስለ ሕንጻው። አካል ጉዳተኞችን የምትመረምሩበት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ መሆኑ፣ ሊፍቱም በዚያው ሳምንት መበላሸቱ የማንም ጥፋት አይደለም። ካልወጣሁ «አልቀረበችም» ተብሎ ፋይሌ እንደሚዘጋ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ በፈገግታ ስለነገረችኝ፣ በየመታጠፊያው እየተቀመጥኩ፣ ኖርማ ከኋላ ጀርባዬን እየደገፈች፣ በግማሽ ሰዓት ደረስኩ። በሪፖርቱ ላይ ግን «አመልካቿ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥታለች» የሚል አጭርና ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። የቸኮለ ሰው ድካሜን ሁሉ በአንድ መስመር ሲያቃልልልኝ እንዴት አላደንቅ!

3ኛ. ስለ መርማሪዎ ስለ ሚስተር ሃርግሪቭ። ወጣትና ጨዋ ሰው ናቸው፤ ፊቴን ለማየት ባይመቻቸውም ኮምፒውተራቸውን ለአፍታ እንኳ ችላ አላሉትም። ኖርማን ውጭ አስቀርተው፣ ለሃምሳ ደቂቃ ጠየቁኝ። በመሐልም «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» አሉኝ፣ የጫማ ቁጥር እንደሚጠየቅ ያህል።

ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነገር ነበር። ግን ቅጹ እውነት ተናገሩ ይላልና «አዎ፣ አንድ ቀን» አልኩ።

«ታዲያ ምን ከለከለዎት?»

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያዘጋጀ ሰው ካለ አላውቅም። እኔ ያለኝ እውነት ይህ ብቻ ነበር፦ «ውሻዬ ፐርሲ በሩን ይቧጥጥ ነበር። እራቱን ማን ይሰጠዋል ብዬ ነው።»

ጣቶቻቸው ፊደሎቹን ቀጭ ቀጭ አደረጉ። ቀና ሳይሉም «እሺ፤ ክንድዎን ወደ ላይ ያንሱልኝ» አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሪፖርቱ መጣ። መነጽሬን ማግኘት ስላልቻልኩ ኖርማ ታነብልኝ ጀመር። ፀጉሬ የተበጠረ መሆኑን ስታነብ «ያበጠርኩሽ እኔ!» ብላ ተሳደበች፤ ስለ ደረጃው ስታነብ ደግሞ ለመርማሪዎ እዚህ የማልጽፈውን ምርቃት አወረደች። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ድምፅዋ ቆመ። «አመልካቿ ራሷን ለማጥፋት አስባ እንደነበር ብትገልጽም፣ የቤት እንስሳዋን የመንከባከብ ኃላፊነት በብቃት ትወጣለች። ነጥብ፦ ዜሮ።»

ወረቀቱን አስቀመጠችው።

«መቼ ነው ይሄ?»

«ባለፈው ዓመት፣ በበረዶው ሰሞን።»

«እኔ እኮ ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ፣ ሎሬይን። ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር።»

አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳች፣ ሰካራም ከነሻንጣው የምታወርድ ሴት አፏን በመዳፏ ይዛ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና «ከዛሬ ጀምሮ ግድግዳውን ምቺ፤ በጫማም ቢሆን ምቺ። ካልመታሽ ግን እኔ ነኝ የምመታሽ» አለች። በዚህኛው ምስጋናዬ ውስጥ ክቡርነትዎ ቀልድ እንዳይፈልጉ እለምናለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ብቻዬን የተሸከምኩትን ነገር ለጎረቤቴ ያደረሰላት የእናንተ ወረቀት ነው፤ ይህን እንዳደረጋችሁ ባታውቁትም።

4ኛ. ስለ ይግባኙ። ጉዳዩን እንደገና እንድታዩት ስጠይቅ እንደገና አይታችሁ ያንኑ ዜሮ ላካችሁልኝ፤ በአቋም መጽናት ማለት ይህ ነው። ቀጥሎ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ፊት ለመቅረብ አሥራ አንድ ወር ጠበቅሁ። በዚህ መካከል ሦስት ጊዜ ልተወው አልኩ። ሦስቱንም ጊዜ ኖርማ «እንድትተይው የሚፈልጉት እነሱ ናቸው፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» እያለች ከለከለችኝ።

በችሎቱ ቀን የመሐል ዳኛዋ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት፣ ውኃ አስቀዱልኝና «ወይዘሮ ስኬልተን፣ ጠዋት ሲነቁ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ኖርማ እስክትመጣ እተኛለሁ» አልኩ።

«ካልመጣችስ?»

ዝም አልኩ። ዳኛዋም አብረውኝ ዝም አሉ፤ የምሞላው የቅጽ ሳጥንም፣ ክንድ አንሺ የሚል ትእዛዝም አልነበረም። ከመሥሪያ ቤትዎ ክርክሩን ሊያስረዳ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ወንበሩ ባዶውን ተቀምጦ በትሕትና አዳመጠ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሙሉውን ድጎማ ፈረዱልኝ። ኖርማ ኮሪደሩ ላይ ስትጮህ ጥበቃው መጥቶ ዝም እንድትል ጠየቃት፤ እሷም አቅፋ ሳመችው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በእኔ በኩል ነገሩ ተፈጽሟል። የማስበው ግን ኖርማ የሌላቸውን ነው። ከየደረጃው መታጠፊያ ላይ ተመልሰው ወደ ቤታቸው የሄዱትን። የእነሱን ፋይል ስትዘጉ እንደ እኔ ረጅም ደብዳቤ ስለማይጽፉላችሁ፣ ሥራችሁ እንዲህ ቀላልና ጸጥ ያለ በመሆኑ እንኳን ደስ አላችሁ እላለሁ።

ለዘወትር ትዕግሥትዎ፣ ለወንበርዎ ምቾትና ለሕንጻዎ ውበት ያለኝን የማይነጥፍ አድናቆት እየገለጽኩ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መታመሟ የተረጋገጠላት አገልጋይዎ፣

ሎሬይን ስኬልተን

ግልባጭ፦ ለከተማው ጋዜጣ፣ ቦታ ከተረፈ

ማስታወሻ፦ ድጎማው መፈቀዱን የሚገልጸው ደብዳቤዎ በስተጀርባው «በሁኔታዎ ላይ ለውጥ ካለ፣ ለምሳሌ ከሞቱ፣ ሳይዘገዩ በስልክ ያሳውቁን» ይላል። ግዴታዬን በደስታ እወጣለሁ፤ በዚያን ዕለት ብቻ ሙዚቃ እያሰማችሁ እንዳታስጠብቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።