የጤነኞች ሳጥን

ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጢጢ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። እናትሽ በስትሮክ ካረፈች ሦስት ወር ሆናት፤ እስካሁን አላለቀስኩም። ጎረቤቶች "ጠንካራ ሰው" ይሉኛል፤ የደረቀ እንጨትም ጠንካራ ነው። ልብሷን ገና ከቁም ሳጥኑ አላወጣሁም።

ከስድስት ዓመት በፊት ለደም ግፊት ጥናታችን ደም የሚሰጥ ጤነኛ ሰው ሲጠፋ፣ እኛ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ከየቤታችን ሰው ይዘን እንሄድ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ያንቺንም የእናትሽንም ደም የቀዳሁት እኔው ነኝ። አንቺ መርፌው ሳይነካሽ ጮኽሽ። እሷ ደግሞ "እጁ እንደ ምላሱ አያምም" ብላ ሳቀችብኝ። ብልቃጦቻችሁን "ጤነኛ" ብዬ የጻፍኩበት ሳጥን ውስጥ ከትቼ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ራሷን ባመማት ቁጥር "አንቺ እኮ የጤነኞች ሳጥን ውስጥ ነሽ" እላት ነበር። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ እየቆየ እኔም አመንኩት። ግፊቷን አንድ ቀን እንኳ አልለካሁላትም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ሐኪሙ "ለዓመታት ከፍተኛ ግፊት ነበረባት" ሲለኝ መለኪያው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን "አሮጌዎቹን ብልቃጦች አውጧቸው" አለች። ግፊት ገና ሳይጀምር ደም ውስጥ ቀድመው የሚታዩ፣ ምልክት የሚሆኑ ጥቃቅን ሞለኪውሎች አሉ፤ በእነሱ እንፈትሽ ተባለ። ብልቃጦቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ቁጥሩን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። የእናትሽ ደም እጄ ላይ ቀስ እያለ ቀለጠ። ምልክቶቹ ያኔውኑ ነበሩባት። መዘገብኩና ወደሚቀጥለው ብልቃጥ አለፍኩ። እሱ ያንቺ ነበር።

ያንቺም እንደሷው ነው።

አትደንግጪ። ምልክት ማለት በሽታ ማለት አይደለም፤ ከሌላው ሰው ይልቅ ላንቺ ይቀርባል ማለት ነው። ዛሬ ነገ ሳትዪ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ተለኪ። "ደህና ነኝ አባዬ" ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ የምፈልገው ቁጥሩን ነው። ጨው ቀንሺ። እንቅልፍሽንም በደንብ ተኚ።

ይህን መንገሬ በመሥሪያ ቤቱ ሕግ ጥፋት ነው። ያኔ ደም ስትሰጡ የፈረማችሁበትን ቅጽ አውጥቼ አየሁት። "ወደፊት ውጤት ቢገኝ እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ?" ይላል። አንቺ "አልፈልግም" ብለሻል። አለቃዬ ብታውቅ ታባርረኛለች፤ ታባርረኝ። አንቺም ተቆጪኝ፣ ብቻ ተለኪ።

እናትሽ ግን "እፈልጋለሁ" ብላ ነበር። ከጎኑም በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ "ለባለቤቴ ንገሩት፤ እሱ ያውቅበታል" ብላ ጨምራለች።

ከዕድሜዬ ቀንሶ ይጨምርልሽ።

አባትሽ