ላስቲኩ ያልተላጠለት ኮምፒውተር

ረቡዕ፣ ኅዳር 6 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

ዛሬ ሁሉም ነገር አስጠላኝ፤ ራሴም ጭምር።

አዲሱ ኮምፒውተር ለሬከርድ ክፍላችን ሲመጣ፣ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር የደህንነት ማሻሻያውን ራሱ ያወርድ፣ ጠፍቶ ሲነሳም ራሱ ይጭን፣ ቫይረስ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍን ነበር። ርእሰ መምህሩ ግን «ኔትወርኩን የሚበላው ይሄ ነው፤ አጥፊው» አሉኝ። ጥፋት መሆኑን እያወቅሁ አጠፋሁት። የስክሪኑን ላስቲክ ግን አቧራ እንዳይነካው ብለው እስካሁን አላስላጡም። ከሥራ ስንወጣም ኮምፒውተሩን «ዳንቴል አልብሺው» ይሉኛል።

ዛሬ ጠዋት በየፎቶኮፒ ቤቱ ሲዞር የከረመ ፍላሻቸውን ሰኩበት። ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቹ ውጤት አንዱም አልከፈት አለ። «አዲስ ዕቃ ምን ይነካዋል?» ይሉኛል ደግሞ፣ የላስቲኩን አቧራ በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

በዚህ መሃል አንድ አባት የልጃቸውን ትራንስክሪፕት ሊወስዱ ከጥሊሊ መጡ። ልጅቱ ለሥራ የምትመዘገብበት የመጨረሻው ቀን ነገ ነው አሉ። ርእሰ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ኔትወርክ የለም በያቸው» አሉኝ። እኔም አልኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ጠፍቶ የሰነበተው ኔትወርክ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አልተቆረጠም።

«ግድ የለም ልጄ፣ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» ብለው በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ኮምፒውተሩን ዳንቴሉን አልብሼ ስወጣም እዚያው ነበሩ።