የዒዱ ሂና

ልጄ ሩክያ፣ አላህ ከጎርፍም ከአሠሪሽ ምላስም ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወለደች፣ እንዳንቺ ዐይነ ደረቅ ጥጃ!

ሻርጃን ጎርፍ አጥለቀለቃት ሲባል፣ «እማ፣ እኛ ጋ ጠብታ የለም» ብለሽ ፎቶ ላክሽ። እኔን ልትሸውጂ? ዒድ ካለፈ ስንት ጊዜው፣ እጅሽ ላይ ያለው ሂና ግን ገና ትኩስ ነው። ፎቶው የዚያን ጊዜ ነው፣ አንቺ ቀጣፊ!

ለነገሩ ከማን ወረስሽው? ባለፈው በር ላይ ቆሜ ስስቅ የላክሁልሽን ፎቶ ታስታውሻለሽ? ጎረቤታችንን ቀለሟን «ጣሪያው እንዳይታይ አድርገሽ አንሺኝ» ብያት ነው። ቆርቆሯችንን አውሎ ነፋስ ወስዶት እሷ ቤት ነው የምናድረው።

እንግዲህ እኔ ጉዴን አወጣሁ። አንቺም የዛሬውን እጅሽንና የቆምሽበትን ወለል አንሥተሽ ላኪልኝ። ውሃ ቢኖርበትም አልቆጣም። አላህ ደረቅ መኝታ አይንሳሽ።

እናትሽ ነፊሳ፣ ከአንገር ጉቲን