ቻናሉ የተቀየረበት ዝላይ

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣ ለቀጭኔዬ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? አንቺ ረጅም ስለሆንሽ እንደ ሌላው ሰው በአንድ መስመር ጠይቄሽ አልጨርስም፤ ከታች ጀምሬ ወደ ላይ ልውጣ። የግራ ቁርጭምጭሚትሽ፣ ያ ሲቆጣ የሚያስነክስሽ፣ ደህና ነው? ጉልበትሽስ? ወገብሽስ? ሆድሽ እህል ይቀበላል? ልብሽስ አርፎ ይተኛል? እንግዲህ ራስሽ ላይ ሳልደርስ ደከመኝ፤ የሱን ጤንነት ራስሽ ጻፊልኝ።

እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። የቀሩኝ ጥርሶች ተስማምተው ይኖራሉ፤ ስለተራራቁ አይጣሉም። ጆሮዬ የሚፈልገውን ይሰማል፤ አክስትሽ ስትቆጣኝ ብቻ ይደነቁራል።

የከፍታ ዝላይ ውድድርሽን ለማየት ፀጉር ቤት ነበርኩ። የቤቴ ቴሌቪዥን እንደኔ አርጅቶ ድምፅ እንጂ ምስል አይሰጥም፤ አንቺን ደግሞ በድምፅ ብቻ ማየት አይቻልም። ከምሳ በኋላ ከሁሉም ቀድሜ ሄጄ ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለውን ወንበር ያዝኩ። ቦታዬን እንዳልነጠቅ ብዬ ጠዋት የተላጨሁትን ጢም ድጋሚ ተላጨሁ። ፀጉር አስተካካዩ «አባባ፣ ምን ልላጭልዎ? ቆዳውን?» ቢለኝ «አንተ ምላጭህን አንቀሳቅስ፣ የቀረውን ለኔ ተወው» አልኩት።

ከዚያ አንቺ ብቅ አልሽ። ፎቶ ትልኪልኛለሽ፣ ተባረኪ፤ ፎቶ ግን አይራመድም። ስትራመጂ ካየሁሽ ስንት ጊዜዬ! መዳፍሽን ጭንሽ ላይ ጠረግ አድርገሽ፣ ዘንጉን ትክ ብለሽ አይተሽ፣ ከንፈርሽን ማንቀሳቀስ ጀመርሽ። «ምን እያለች ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ፀጉር አስተካካዩ «ጸሎት ነዋ» አለ። ጎረቤታችን፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ «የለም፣ ማርሽ እየቀየረች ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን ድሮ ለራስሽ የምታወሪውን ሁሉ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ከፀጉር ቤት ሰው እኩል ገማች ሆኛለሁ።

ሌላው ሁሉ ዘንጉን ሲያይ እኔ የማየው ፍራሹን ነው። ምን ላድርግ፣ ዕድሜ ልኬን ፍራሽ ስሰፋ ኖሬ! ስፖንጅ መሆኑን ሳየው ቅር አለኝ፤ ጠርዙ ግን በደንብ ተሰፍቷል፤ ሐሰት ተናግሬ አላማውም። በጀርባሽ ስታርፊበት ነው እኔም የምተነፍሰው። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አባዬ፣ ይቺን ልጅ አንገቷን ትሰብርብኛለህ» እያለች ስትጮህ፣ አንቺ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በጀርባሽ እየተገለበጥሽ ለደንበኛ የሰፋሁት አዲስ ፍራሽ ላይ ስትወድቂ ትዝ ይልሻል? አንዷ ደንበኛ ፍራሹን መልሳ አምጥታ «መሃሉ ጎድጉዷል» ብላ ብትቆጣ «እሱ ለወገብ ሕመም ሆን ተብሎ የተሠራ ነው» አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ እህቷም መጥታ የጎደጎደውን ዓይነት አዘዘች፤ አንቺን ጠርቼ «ነይ ዝለይ፣ ትዕዛዝ አለ» አልኩሽ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንዱን ከፍታ አለፍሽ፣ ሁለተኛውንም አለፍሽ፤ ፀጉር ቤቱ በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ። ቀጥሎ ዘንጉ ከፍ ሲል አንዴ ሞክረሽ ጣልሽው። ይሁን፣ ገና ሁለት ሙከራ አላት ብለን ስንጠብቅ፣ ለዳኛዋ እጅሽን አወዛውዘሽ ሄደሽ ተቀመጥሽ። ቱታሽንም ለበስሽ። «በቃ ተወችው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ሹፌሩም ቀበል አድርጎ «ዳገቱን አይታ ሞተሩን አጠፋች» አለ። እኔ «የኔ ልጅ ፈርታ አታውቅም!» ብዬ ፎክሬ ተነሳሁ። «ታዲያ ለምን ቱታ ለበሰች?» ሲሉኝ «በርዷት ነው» አልኩ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ከፀሐዩ የተነሳ ራሱን በጋዜጣ ጋርዷል! ከኋላ ያሉት ጎረምሶች ደግሞ «ኳሱ ተጀምሯል እኮ» እያሉ ይነጫነጩ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ «ይቅርታዎን አባባ» ብሎ ቻናሉን ቀየረው። ልብሱን የለበሰ ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው ብዬ፣ እኔም ኮቴን ለብሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ አክስትሽ እየሮጠች መጣች። «አባዬ፣ አራተኛ ወጣች እኮ! ከዓለም አራተኛ!» አለችኝ። «ተወችው አይደል እንዴ?» ብላት «ምኑን ትተወዋለች? ያንን ከፍታ ሳትዘል አልፋ የቀሩትን ሁለት ሙከራዎች ለሚቀጥለው አስቀመጠች እንጂ! ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሁሉም የሚያደርገው ዘዴ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። በመጨረሻው ሙከራሽ ገላሽ ሁሉ አልፎ ተረከዝሽ ብቻ ዘንጉን ነክቶ ጣለው አለችኝ። አየሽ ልጄ፣ ያንን የሚያህል ከፍታ ላይ ሆነሽ ሰማይ ስታዪ፣ አያትሽ በሩ ላይ ቆሞ የኮቱን ኪስ እየበረበረ ቁልፍ ይፈልግ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ወሬውን ሲሰማ አፍሮ «ለካሳ አንድ ወር በነጻ እላጭዎታለሁ» አለኝ። ጢሜ ግን ካሳ ተቀብሎ የሚጨርስ ጢም አይደለም።

ከዚያ አክስትሽ ሁለተኛውን ወሬ ነገረችኝ። ውድድሩ እንዳለቀ ደውለሽላት «ዝላይ በቃኝ፤ አባባም ብቻውን ነው፤ መጥቼ እሱን ልጠብቅ» ብለሻታል። ለኔ ግን አልደወልሽም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ስሰማ በደስታ ዘለልኩ፤ በኔ ልክ። ክፍልሽን ጠረግሁ፣ ፍራሽሽን ፀሐይ ላይ አውጥቼ መታሁ። ከዚያ እዚያው ፍራሽሽ ላይ ቁጭ ብዬ ነገሩን ባላምጠው ባላምጠው አልዋጥልህ አለኝ። ሰው ከሥራ ሲቀር «አያቴ ሞተ» ይላል። «አያቴ አለ» ብሎ የቀረ ሰው ግን አንቺን አየሁ!

ብቻዬን መሆኔ እውነት ነው። ሰዉ ሁሉ ስፖንጅ ፍራሽ ይገዛል፤ ጥጥ አፍታታልኝ ብሎ የሚመጣ የለም። እጄ ሥራ ፈትቶ ሲያስቸግረኝ የራሴን ፍራሽ እፈታና ጥጡን በረንዳው ላይ አፍታትቼ መልሼ እሞላዋለሁ። አላፊ አግዳሚው «የማን ትዕዛዝ ነው?» ሲለኝ «የአንድ ትልቅ ሰው ነው፤ ስሙን አልናገርም» እላለሁ። ምሳ ስበላ ራዲዮኑን ከፊት ለፊቴ አስቀምጣለሁ። ዜና አንባቢዋ ስትሰናበት «ደህና ዋይ የኔ ልጅ» እላታለሁ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ባትሪም አልቆ ኖሮ፣ እህሉን ሳልቀምሰው አነሳሁት። ይህን ለአክስትሽ አልነገርኳትም፤ አንቺም እንዳትነግሪያት።

ግን ስሚኝ ልጄ። ብቸኝነቴ የራሴ ንብረት ነው፤ ለሰበብ አላውስሽም። ናፍቄሽ ከሆነ፣ እረፍትሽን ጠብቀሽ ነይ፤ እስኪበቃሽ ተቀመጪ፣ ስሰድብሽ ዋይ፣ ከዚያ ተመለሺ። ዘንጉን ሸሽተሽ ከመጣሽም በር አልዘጋብሽም፤ እሱን የሚያደርግ አንጀት አልፈጠረብኝም። ነገር ግን ያኔ ባየሽኝ ቁጥር የተውሽው ዘንግ እሆንብሻለሁ። ጠዋት ሻይ ሳቀርብልሽ ዘንግ፣ ሳስል ዘንግ፣ ሳንኮራፋ ዘንግ። እኔ ደግሞ አያትሽ ሆኜ ነው መሞት የምፈልገው። ደግሞስ አራተኛ ማለት ምንድን ነው? በዚህ ሰፈር የሽማግሌዎች የዳማ ውድድር ላይ እኔ ሰባተኛ ነኝ፤ የምንጫወተውም ሰባት ነን። አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም።

አክስትሽና ባሏ ብዙ ብዙ ሰላም ይሉሻል። መንታዎቻቸው በጀርባቸው ሶፋ ላይ እየወደቁ የሶፋውን ሁለት እግር ሰብረዋል፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው ተብሏል። ፀጉር አስተካካዩ ከነእፍረቱ፣ ሹፌሩም ከነማርሹ ሰላም ይሉሻል። ላሰልጣኝሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ስትቆጣሽ ትክክል እንደሆነች አስቀድሜ መስክሬያለሁ። አብራሽ ለምትኖረው ጦር ወርዋሪዋም ሰላም በያት፤ ስትናደድ ግን በርሽን ቆልፊ።

የኔን ሰላምታ በዚህ ደብዳቤ አልላክሁትም። እዚሁ ስልኩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ራስሽ ደውለሽ ውሰጂው።

አያትሽ፣ ፍራሽ ሰፊው
ከቤታችን በረንዳ፣ ነሐሴ ፳፯